ቄቦቹ ቆጥ እስኪወጡ

«ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ ጋር እስኪቀላቀሉ ነው እንጂ ከዚያ በኋላማ ምን ትሠራልኛለች?» አለች አክስትየዋ በስልክ። ሴትየዋ ዕድሜዋን በሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ስለሠራች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስልክ ስትይዝ ትጮሃለች፤ ምስጢሯን የቤቱ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን መንገደኛውም ይሰማዋል። ልጅቷ ከግድግዳው ወዲህ፣ ሰጋቱራ በተነጠፈበት ክፍሏ ውስጥ ቁጢጥ ብላ የጫጩቶቹን ውኃ መጠጫ እያጠበች ነበር። እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ነርሷ ልትከራየው ክፍሉን አይታ ወዳዋለች። ይታጠባል፣ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። አንተ ትወስዳታለህ? እህ! እንግዲያው ዝም በላ! ዛሬውኑ ይቀላቀሉና እሁድ ሻንጣዋን ትያዝ።» በወዲያኛው ጫፍ ያለው የአክስትየዋ ወንድም፣ የልጅቷ አጎት ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱም አልጋውም ጋቢናው ውስጥ ነው፣ ሐሳቡም «አንቺ እንዳልሽ እትዬ» ከማለት አያልፍም። ልጅቷ ወደ ራሷ የተመለሰችው ጫጩቶቹ ጠምቷቸው ጣቷን ሲነቁሯት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጫጩት መባላቸው ራሱ ውሸት ነበር። ቢጫው ጸጉራቸው ከረገፈ ሰንብቷል፤ ላባ አብቅለዋል፣ ከካርቶኑ እየዘለሉ አልጋዋ ላይ ይወጣሉ፣ ትራሷ ላይ ያድራሉ። ዶሮ የሚያውቅ ሰው ቢያያቸው ቄብ ነው የሚላቸው። አክስትየዋ ግን የምታውቀው ዕንቁላል ነው፣ እሱንም ወደ ኬክ ቤት ተሸጦ ሲሄድ። ስለዚህ በየጊዜው በሩን በርገድ አድርጋ «አልደረሱም?» ስትል ልጅቷ አንዱን ታነሳና አንገቱን ገለጥ አድርጋ «ይዩት፣ እዚህ ጋ አልሞላም፤ ብርድ ይመታዋል» ትላታለች። አክስትየዋም መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ ምንም ሳይታያት፣ «እንዴት ያሉ ሰነፎች ናቸው» ብላ ትወጣለች። ልጅቷ ውሸት አትወድም፤ ግን የት ትሂድ? ከእናቷ ጋር የተከራዩአትን ክፍል እናቷ በሞተች ሰሞን አከራይዋ ለሌላ ሰጥታባታለች። በአንድ ሻንጣ ወደዚህ ቤት ስትመጣ፣ አክስትየዋ በርካሽ የገዛቻቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን ውስጥ በብርድ እየረገፉ ነበር። «ዶሮ ታውቂያለሽ?» አለቻት በር ላይ አቁማ። «እናቴ አስተምራኛለች።» «እንግዲያው እስኪያድጉ ቆዪ።» ስሟን እንኳን አልጠየቀቻትም። በ«አንቺ» ጀመረች፣ በ«አንቺ» ቀጠለች።

ያን ቀን አንድ ስህተት ሠርታለች። እናቷ ስለ እህቷ ስታወራ «እታለም» ትላት ስለነበር ሌላ ስም አልመጣላትም፤ «እሺ እታለም» አለች። የሴትየዋ ፊት ዓይኗ እያየ አመድ መሰለ። «እንደሱ እንዳትይኝ! እንደሱ የምትለኝ አንድ ሰው ነበረች። አክስቴ በይኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሆነች፣ ንግግሩም «እርስዎ» ሆነ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ ልጅቷ እንደ ቢሮ ሰው «ያቀብሉኝ»፣ «ይውሰዱ» ትላለች፣ ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ብቻ ይሰማል።

የሰጠቻት ክፍል የእናቷ ክፍል ነው። የብረት አልጋ፣ ግቢውን የሚያይ አንድ መስኮት፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ደግሞ ግራጫ የዝናብ ካፖርት። ካፖርቱ እናቷ ከቤት ስትወጣ ትታው የሄደችው ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የነካው የለም፣ ትከሻው ላይ አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። ጫጩቶቹ ገና ለጋ ሳሉ ሙቀት እንዳያጡ ልጅቷ አምፖሉን ሌሊቱን ሙሉ ታበራው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ የመጀመሪያውን ሳምንት «መስኮቱ ሲበራ ቀጮ የተመለሰች መስሎኝ ደነገጥኩ» ብሎ ለአክስትየዋ ሲነግራት፣ አክስትየዋ በሩን ዘግታበት ገባች። ቀጮ የእናቷ የቤት ስም ነበር። ልጅቷም ቀጭን ናት። ከዚያም በላይ ቁርጥ እናቷን ናት፤ የዘረጋችውም እጅ፣ የሳቀችውም ሳቅ የእናቷ ነው ይሏታል። እሷ ይሄን ስትሰማ ትቆጣለች። መስተዋት ፊት ቆማ «እኔ እኔ ነኝ» ብላ ለራሷ የነገረችበት ቀን አለ።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ የዶሮ ቤቱ የተሠራው የግቢውን የቆርቆሮ በር ተጠግቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ጉንዳን ይወጣበታል፣ ዶሮዎቹም እሱን ለመልቀም በሩን ይነቁሩታል። ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ልክ ሰው ያንኳኳ ነው የሚመስለው። አክስትየዋ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ትጥላለች። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትወጣና በሩ ጋ ቆማ፣ በዚያ በኦፕሬተር ድምጿ፣ «ማን ልበል?» ትላለች። መልስ የለም። መቀርቀሪያውን ስባ ትከፍታለች፣ ማንም የለም፤ ግራ ቀኝ አይታ መልሳ ትቀረቅራለች። ልብስ ሰፊው ከማዶ «ዛሬም እንግዳሽ ቀረ?» እያለ ይቀልድባታል። ልጅቷ አንድ ቀን «ዶሮዎቹ እኮ ናቸው አክስቴ» አለቻት። «ዶሮ መሆናቸውን አጣሁት?» ብላ ተቆጣች። በማግስቱም ወጥታ «ማን ልበል?» አለች።

ልጅቷ ምክንያቱን ታውቃለች፣ አክስትየዋ ግን ማወቋን አታውቅም። እናቷ ቤተሰቡ ያልወደደውን ሰው ተከትላ ከወጣች በኋላ፣ ሰውየውም ጥሏት ከጠፋ በኋላ፣ ልጅቷን አዝላ በዝናብ መጥታ ይህንኑ ቆርቆሮ አንኳክታ ነበር። «ማን ልበል?» አለ የእህቷ ድምፅ ከውስጥ። «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ዝም። ነጠላ ጫማው በሩ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ አልተመለሰም፣ መቀርቀሪያውም አልተነካም። «ትንፋሿን እሰማው ነበር» ትል ነበር እናቷ፣ ልብስ እያጣጠፈች ወይም ሽንኩርት እየላጠች፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል። «ሰማዩ እስኪገረጣ ቆምኩ። እሷም ቆመች። በመሀላችን አንዲት ቆርቆሮ ነው የነበረችው።» መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «እታለም እኮ ደህና ሰው ናት» ትላለች። ይሄ ነበር ልጅቷን የሚያበግናት። ምኑ ነው ደህና? ብላ ጠይቃት ታውቃለች፤ እናቷ ግን ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

እንግዲህ በዚያን ዕለት ጠዋት፣ የስልኩን ነገር ሰምታ እንዳልሰማች ሆና፣ ለአያቷ ሻይና ዳቦ ይዛ ገባች። አያትየዋ መስኮት ሥር ካለው ወንበር አትነሳም። ዓይኗ ያያል፣ ጆሮዋም ይሰማል፤ ልቧ ግን ዘመኑን ስቷል። «ቀጮ፣ መጣሽ?» አለቻት ፊቷ በርቶ። «ቀጮ አይደለሁም እማማ። የቀጮ ልጅ ነኝ።» ሌላ ሰው ቢሆን አሮጊቷን ደስ ይበላት ብሎ «አቤት» ይላት ነበር፤ ልጅቷ ግን በዚህ ነገር ግትር ናት፣ አንድም ቀን «አቤት» ብላላት አታውቅም። «ታዲያ ቀጮ የት ሄደች?» አለች አያትየዋ። አክስትየዋ ከጓዳ ሆና «ሞታለች እማ! ስንቴ ልንገርሽ?» ስትል፣ አያትየዋ እንደ አዲስ መርዶ ደረቷን ይዛ አለቀሰች። በየጠዋቱ እንዲህ ነው፤ በየጠዋቱ ቀጮ አዲስ ትሞታለች። ካለቀሰች በኋላ ደግሞ ዓይኗን ጠርጋ ልጅቷን እንደ እንግዳ ታያታለች። «አንቺ ጫጩት የምታሳድጊዋ ልጅ ነሻ? እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ፤ ዳቦው ደርቋል እንጂ ሻዩ ደህና ነው» አለቻት በጨዋ ደንብ።

አክስትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተከትላት ወደ ጫጩቶቹ ክፍል ገባች። ዛሬ መነጽሯን አድርጋለች። አንዷን ቄብ፣ ጥቁሯን ትንሿን፣ ራሷ አነሳችና አንገቷን ገለጠች። «ይሄማ ሞልቷል» አለች። «ገና...» አለች ልጅቷ። «ምን ገና? ዕንቁላል ልትጥል ምን ቀራት! አንቺ ልጅ ታሞኚኛለሽ ልበል?» ልጅቷ ፊቷ ጋለ። መዋሸቱ እንዳበቃለት ገባት፤ ቢሆንም የእናቷ ትምህርት ከሆዷ አልጠፋም ነበር። በዶሮ ቤቱ መሀል የሽቦ መረብ የዘረጋችው እሷ ናት፤ ቄቦቹን ቀን ቀን በአንዱ በኩል እየለቀቀች ትልልቆቹ በመረቡ እንዲያዩአቸው፣ እንዳይነኳቸው አድርጋ ሰንብታለች። የቀረው የመጨረሻው ነገር ብቻ ነበር። «እሺ ደርሰዋል» አለች። «ግን በቀን አይሆንም አክስቴ። ሲመሽ፣ ትልልቆቹ ቆጥ ላይ ሲያንቀላፉ፣ አንድ አንድ እያልን መሀላቸው እናስቀምጣቸዋለን። ሲነጋ አብረው ያደሩ ናቸው፤ ዱሮም የነበሩ ይመስላቸዋል።»

«ጉድ እኮ ነው! ዶሮም እንደ ሌባ በጨለማ ነው የሚገባው?» አለች አክስትየዋ።

«በቀን ካዩአቸው ይገድሏቸዋል።»

«እሺ፣ እሺ። በይ መኖ አልቋል፣ ሂጂና አምጪ።» ልጅቷ ከበሩ ላይ ተመልሳ «እስክመጣ አይንኳቸው» አለች። አክስትየዋ መስኮቱን በስንዝር እየለካች ነበር፣ ለነርሷ መጋረጃ ይሆን ዘንድ።

የመኖ መደብሩ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ጎማ ከሚጠግኑት ጎን ነው። ነጋዴው ዱቄት የተነፋበት ፀጉር ያለው፣ ወሬ ካገኘ ሚዛኑን የሚረሳ ሰው ነው። «ባለፈው የገዛሽበትን ዋጋ እርሺው፤ ዘንድሮ ዶሮ ከሰው በላይ እየበላ ነው» አላት ገና ከደጅ። ከረጢቱን እየሞላ ስለ በቆሎ መወደድ፣ ስለ መኪና ኪራይ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም አወራላት። ልጅቷ ዕድል ስታገኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ያውቃሉ? ማደሪያ ያለው» አለችው። ሰውየው አካፋውን አቆመ። «አክስትሽ አባረረችሽ እንዴ?» «አይ፣ እንዲያው ነው።» «እንዲያውማ አይደለም» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ እኔ ራሴን የምቀጥረው በግድ ነው። ግን እጠይቅልሻለሁ።» ሰዎች እጠይቅልሻለሁ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ታውቃለች። ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ ሲያነሳላት «ድምፅሽ እኮ ያስደነግጣል» አላት። «እናትሽ እዚሁ ነበር መኖ የምትገዛው። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማሽ ቀጮ ናት ብዬ እምልልሻለሁ።» ልጅቷ እንዲህ ሲባል እንደ ወትሮዋ ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ያን ቀን የምትቆጣበት አቅም አልነበራትም።

በመንገዱ ላይ እሁድን አሰበች። እሁድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ከዚያ በር ስትወጣ ወደ ግራ ነው የምትዞረው ወደ ቀኝ? ወደ ግራ አውቶቡስ ተራ ነው፣ ወደ ቀኝ ገበያው፤ የምታውቀው ሰው በየትኛውም በኩል የለም። ፈራች። ከዚያ ደግሞ አፈረች፣ ሰው የሚያያት ይመስል። ዛሬ ማታ ቄቦቹን ቆጥ ላይ በደንብ ብታስቀምጥ፣ አንዳቸውም ሳይነቆሩ ቢነጋ፣ የምትባረረው እሷ ናት፤ ሥራዋን ባሳመረች ቁጥር ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው። ብታበላሽስ? አንዷ ቄብ ብትታመም፣ አንድ ሳምንት... ይህን ሐሳብ ገና ስታስበው ጠላችው።

ጩኸቱን የሰማችው ከመታጠፊያው ነው። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። «ኧረ ምንድነው ግቢያችሁ ውስጥ? ድመት ገባ እንዴ?» አላት። ድመት አልነበረም። የቄብ ጩኸት ነው፣ ያንን ቀጭን፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከላዩ ደግሞ የትልልቆቹ፣ በተለይ «ወይዘሮዋ» ብላ ስም ያወጣችላት የያቺ ነጭ አለቃቸው፣ የቁጣ ድምፅ። አክስትየዋ መረቡን አንስታዋለች። በቀትር ፀሐይ! ልጅቷ ሮጣ በሩን ገፋችው፤ ተቀርቅሯል። በቡጢዋ ቆርቆሮውን መታችው። ከውስጥ፣ ከበሩ ግርጌ፣ አንድ ነገር መልሶ መታ። ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ከመካከላቸው አንዷ መውጫ አጥታ ከቆርቆሮው ጋር እየተላተመች ነው።

ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣና በሩ ጋ ቆመ። «ማን ልበል?» አለች አክስትየዋ። ድምጿ የኦፕሬተር ድምፅ አልነበረም፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ዝም። ልጅቷ መቀርቀሪያው ሲሳብ ለመስማት ጠበቀች። «እኔ ነኝ እኮ! ይክፈቱልኝ፣ እየገደሏቸው ነው!» ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ አደረገች፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ጉንጯን ለበለባት። በዶሮዎቹ ጩኸት መሀል፣ አጠገቧ፣ ከዚያ በኩል፣ የሰው ትንፋሽ ሰማች። ወዲያ ወዲህ የማይል፣ የማይከፍት፣ የማይሄድ ትንፋሽ። እናቷ ሽንኩርት እየላጠች ስታወራው የኖረችው ትንፋሽ ይሄ ነው። ያኔ ልጅቷን መጀመሪያ የያዛት ንዴት ነው፤ ለቄቦቹም፣ ለእናቷም፣ ለራሷም። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ገባት። ይህቺ ሴትዮ ከበሩ ማዶ ማን እንደቆመ አውቃለች፣ ያወቀችው ግን እሷን አይደለም። «እኔ ነኝ» ብላ እስኪነጋ ብትቆም አይከፈትላትም፤ ይህ ቃል በዚህ በር ላይ አንድ ጊዜ ተብሏል። ከበሩ ግርጌ ያለው ድምፅ እየደከመ ሄደ።

አፏን ከቆርቆሮው አስጠጋች። «እታለም» አለች። «ቀጮ ነኝ። ክፈቺልኝ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ።

አክስትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ ልጅቷ ገፍታት አለፈች። ትልልቆቹ ቄቦቹን ጥግ ላይ ሰብስበው ይቀጠቅጧቸዋል፣ ደም ያዩ ዶሮዎች ደግሞ አይመለሱም። ልጅቷ በእጇ ልትከላከል አልሞከረችም። ከረጢቱን በጥርሷና በጥፍሯ ቀደደችና መኖውን በግቢው ሌላ ጫፍ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሙሉውን ገለበጠችው። ወይዘሮዋ አንገቷን አነሳች፣ አየች፣ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሆዳሞች! ልጅቷ መረቡን መልሳ አሰረች፣ ቄቦቹን አንድ በአንድ እያነሳች በካርቶን ከተተች። አናታቸው የቆሰለ አለ፣ አንዷ ክንፏን ትጎትታለች። ጥቁሯ ትንሿ ግን ከበሩ ግርጌ ተጋድማ ነበር፤ መንቁሯ በቆርቆሮው ቀለም ነጭ ሆኗል።

አክስትየዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሞተችውን ጭኗ ላይ አድርጋ ደባበሰቻት። ቀና ስትል ልጅቷን ያየቻት እንደ ሌላው ቀን ገላምጣ አልነበረም፤ ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ እጇን እንደ ጠፋ ዕቃ አንድ በአንድ ተመለከተቻት። «ሰምቼሽ ነበር እኮ» አለች። «ያኔም ሰምቼሽ ነበር። አባባ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፣ ብትከፍቺ አብረሽ ትወጫለሽ አለኝ። እሱ ሄዶ ከተኛ በኋላም እጄ አልታዘዝ አለኝ።» እንባዋ በመነጽሯ ሥር ወረደ። ልጅቷ «አክስቴ» ልትል አፏን ከፈተች። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ቄቦች ይንጫጫሉ፤ ሻንጣዋ አልጋው ሥር ነው፣ እሁድ ሩቅ አይደለም። አፏን መልሳ ዘጋች። ያ ዝምታ ከተናገረችው ሁሉ የባሰ ውሸት እንደሆነ ያኔውኑ አውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ቁስላቸውን በሞቀ ውኃ እያጠበች ሳለ ስልኩ ጮኸ። አክስትየዋ አነሳችው፤ ግድግዳው እንደ ጠዋቱ ሁሉንም ነገር አሳለፈ። «ክፍሉ ተይዟል። ለነርሷ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ... ተይዟል አልኩህ! ... በማን ትለኛለህ እንዴ? ቀጮ መጥታለች።» ከወዲያ በኩል ምንም ድምፅ አልመጣም። «ሄሎ?» አለች አክስትየዋ። «ሄሎ? አይሰማም?» አያትየዋ ከወንበሯ ሆና «ቀጮ መጣች?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ጨርቁን ይዛ አክስትየዋ የጠዋቱን መርዶ እስክትደግም ጠበቀች። «መጥታለች እማ፣ አታስቢ» አለች አክስትየዋ። አያትየዋ አላለቀሰችም። ልጅቷ ግን ውኃው እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መነሳት አቃታት።

ሲመሽ ሁለቱ አብረው ወጡ። ትልልቆቹ ቆጡ ላይ ተደርድረው ላባቸውን ነፍተዋል፣ ወይዘሮዋ እንኳን ጭንቅላቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራለች። አክስትየዋ በአንድ እጇ ባትሪ ይዛለች፣ በሌላው ክንዷ ላይ ያንን ግራጫ ካፖርት። አቧራውን አራግፋዋለች። ምንም ሳትል በልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው፣ ልጅቷም እጇን አስገባች፤ ልኳ ነበር። ከዚያ ቄቦቹን ከካርቶኑ እያወጣች፣ እግራቸውን በእጇ እያሞቀች፣ በትልልቆቹ መሀል አስቀመጠቻቸው። የተኛችው ዶሮ ትንሽ ታንጎራጉርና ጠጋ ትላለች፣ ቄቧም ሙቀቱን ስታገኝ ዓይኗን ትከድናለች። «ሲነጋ አይነቁሯቸውም?» አለች አክስትየዋ በሹክሹክታ። «ትንሽ ይጎነታትሏቸዋል። ከዚያ ይለምዷቸዋል።» «ማን እንደሆኑ አይጠይቁም?» «አይጠይቁም።»

ባትሪው ዝቅ አለ፤ አሁን የሚታየው አራቱ ጫማቸው ብቻ ነው። «ያኔ» አለች አክስትየዋ። «ያኔ በሩ ላይ ብዙ ቆየሽ?»

ልጅቷ የመጨረሻዋን ቄብ ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። የቄቧ ልብ ቱር ቱር ሲል መዳፏ ላይ ይሰማታል። ሰማዩ እስኪገረጣ ቆመናል፣ ካፖርት አልነበረንም፣ እኔ ጀርባዋ ላይ ሆኜ አልቅሼ አልቅሼ ተኝቼ ነበር። ይሄ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ብትናገረው የራሷ ይሆን ነበር፤ በዚህ ቤት ውስጥ የራሷ የሆነው ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ቄቧን በሁለት ዶሮዎች መሀል አስቀመጠቻት፣ ቆጡን ተደላድላ እስክትይዝም ጠበቀቻት።

«አልቆየሁም እታለም» አለች። «ወዲያው ነው የሄድኩት።»

አክስትየዋ ለብዙ ዓመት ይዛው የኖረችውን ትንፋሽ ለቀቀች። ክንዷን ያዝ አደረገቻትና «ግቢ በይ፣ ብርድ ነው» አለቻት። ልጅቷ ቀድማ ገባች። አያትየዋ በጨለማው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ካፖርቱን አይታ እጇን ዘረጋች። «ቀጮ» አለች።

«አቤት» አለች ልጅቷ።

አያትየዋ እጇን ይዛ ደባበሰችው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ወደ በሩ ዞር አለች። «ያቺ ልጅስ?» አለች። «ያቺ ጫጩት የምታሳድግልን ጨዋ ልጅ? ድምጿ ጠፋብኝ። የት ሄደች?»

ልጅቷ ወደ አክስትየዋ ዞረች። አክስትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ የቤቱን በር እየቀረቀረች ነበር።

«እሷማ ሄዳለች እማ» አለች።